ስለ ቲታስ ወንዝ ሰዎች

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እናትሽስ በርትተዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፃችን ከተጠፋፋ ቆየ። ሥራው፣ ኑሮው፣ የስልክ ቁጥር መቀያየሩ፣ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ሰሞኑን ግን አንድ ፊልም አይቼ አንቺ ከአእምሮዬ አልወጣ አልሽኝ።

እዚህ ዓረብ አገር አብራኝ የምትሠራ የባንግላዴሽ ልጅ አለች። አገሯ ብራህማንባሪያ ነው፤ የቲታስ ወንዝ የሚያልፍበት አካባቢ። በዕረፍት ቀናችን በስልኳ ከፈተችውና በዓረብኛ እየተረጎመችልኝ አየነው። ፊልሙ «ቲታስ የሚባል ወንዝ» ይባላል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የተሠራው በ1973 ነው፣ በፈረንጆቹ። አዘጋጁ ሪትዊክ ጋታክ ነው።

የወንዙ ዳር ሰዎች ማሎ ይባላሉ። ዓሣ ማጥመድ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ሥራቸው ነው። በሂንዱዎች መደብ ደግሞ ከታች ነው የሚቆጠሩት። ኪሾር የሚባል ጎረምሳ ለዓሣ ራቅ ወዳለ መንደር ይሄድና እዚያው ሚስት ያገባል። ወደ አገሩ ይዟት ሲመለስ የወንዝ ወንበዴዎች በሌሊት ሙሽራዋን ከጀልባው ላይ ነጥቀው ይወስዷታል። እሷ ውሃ ውስጥ ዘላ ታመልጣለች። እሱ ያብዳል።

አሁን ስሚኝ። ልጅቷ የባሏን ስም እንኳን አታውቅም! የምታውቀው የመንደሩን ስም ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ አናንታ የሚባል ልጇን ይዛ ያንን መንደር ፈልጋ ትመጣለች። ባሏ እዚያው አለ። ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ራሱን ስቶ፣ ከሰው ተለይቶ ይኖራል። ጭራሽ አያውቃትም። በፀደይ በዓላቸው ቀለም ሲቀባቡ እሷም ቀርባ ትቀባዋለች። ድንገት ብድግ አድርጎ ይሸከማታል። የመንደሩ ሰው ሴት ሊደፍር ነው ብሎ ይቀጠቅጠዋል። የሚያውቃት ሊሞት ሲል ነው። እሷም አብራው ትሞታለች። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ስልኩን አቁማ ውጭ ወጣች። እኔም ለብቻዬ አለቀስኩ።

ለእኔ ግን ፊልሙ የባሳንቲ ነው። ባሳንቲ በልጅነቷ ኪሾርን ስትጠብቅ የነበረች ልጅ ናት። ለሌላ ተዳረች፣ ባሏ ሞተባት፣ ልጅ የላትም። ያቺን እንግዳ የተቀበለቻት እሷ ናት። ወላጅ አልባ የቀረውን አናንታንም የምታሳድገው እሷ ናት። ቤተሰቦቿ ሌላ አፍ አንቀልብም ብለው ሲያስቸግሯት ከገዛ እናቷ ጋር ትያያዛለች። ልጁ በመጨረሻ ከሌላ ሴት ጋር ይሄዳል። ባሳንቲ ስትጮህም ስትሳደብም ትታያለች። ደግና የዋህ ብቻ አድርገው ስላልሠሯት ነው የወደድኳት።

ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈው አድዋይታ ማላባርማን ነው፤ ራሱ የማሎ ልጅ። በ1914 ተወለደ፣ ካልካታ ሄዶ በጋዜጠኝነት ሠራ። የልቦለዱ ረቂቅ አንዴ ጠፍቶበት እንደገና ቁጭ ብሎ ጻፈው። በ1951 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው ከሞተ በኋላ፣ በ1956 ነው። ጋታክ ደግሞ የዛሬዋ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ተወልዶ፣ ቤንጋል የሚባለው አገር በ1947 በህንድና በፓኪስታን መካከል ለሁለት ሲከፈል አገሩ ድንበር ማዶ የቀረበት ሰው ነው። ባንግላዴሽ በ1971 ነፃ ስትወጣ ተመልሶ ይህን ፊልም ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ እሱም አረፈ። ወንዙን በምን ዓይን እንዳየው ያስታውቃል። የጀልባዎቹን አካሄድ፣ ዝናቡን፣ ሰፊውን ውሃ ሳይቸኩል ነው የሚያሳይሽ። ዘፈኑማ! ቋንቋውን ሳላውቅ ሆዴን አባባው።

ወደ መጨረሻው ቲታስ ይደርቃል። ወንዙ የነበረበት ቦታ ደለል ይሆናል፣ መሬት ፈላጊዎች ይሻሙበታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ውሃው ሳይደርቅ በፊት ሰዎቹ ተለያይተዋል። አራጣ አበዳሪዎች እዳ ውስጥ ከተቷቸው። ከውጭ የመጡ ሰዎች በሌላ ጨዋታ፣ በሌላ ዘፈን ከፋፈሏቸው። አብረው የሚዘፍኑ ሰዎች እርስ በርስ መሰዳደብ ጀመሩ። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ አንድ ሆኖ የሚቆም መንደር አልነበረም። ባሳንቲ ብቻዋን ደረቁን አሸዋ በእጇ ስትቆፍር ታያለሽ። ትንሽ ውሃ ይወጣላታል።

አንቺን ያስታወሰኝ ይሄ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ የነገርሽኝን ሁሉ አልረሳሁም። ለሐረር ከተማ ይሳባል፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይሳባል፣ ከተራራው ደለል ይገባል፣ ሁሉም የየራሱን ይወስዳል ትዪኝ ነበር። ያኔ ስሰማሽ ስለ ውሃ የምታወሪ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ስለ ጎረቤቶችሽም ነበር የምታወሪው። ማን ከማን ጋር በውሃ እንደተጣላ፣ ማን ቤቱን ዘግቶ እንደሄደ።

ሐይቁ ተመልሷል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እስኪ እውነቱን አንቺ ንገሪኝ። ዓሣውስ ተመለሰ? ጥለው የሄዱት ሰዎችስ? ዳር ዳሩን ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው አለ ወይስ ውሃው ብቻ ነው የመጣው? ጓደኛዬንም ስለ ቲታስ ጠይቄያት ነበር። ወንዙ ዛሬም አለ፣ ግን የእሷ ዘመዶች አብዛኞቹ እንደኛ ዓረብ አገር ናቸው አለችኝ።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ክፈቺው። መጀመሪያ ላይ ማን የማን እንደሆነ ግራ ያጋባል፤ ታገሺው፣ ይገባሻል። ስትጨርሺ በጽሑፍ አይሆንም፣ ደውይልኝ። አርብ ሙሉ ቀን ቤት ነኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ