ልጅ ምን ያውቃል?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። በሥራው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፒያሳ የነበረው ቤት ሲፈርስ ሁለቱን ትልልቅ መስታወቶች በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አራት ኪሎ ገባሁ። የምጽፍላችሁ እነዚህ መስታወቶች ስለ ልጆች ያሳዩኝን ነው።

የዓመት ልጅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ልጅ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። ይስቅለታል፣ በመዳፉ ይመታዋል፣ አንዳንዱ አንገቱን አስግጎ ከመስታወቱ ጀርባ ይፈልገዋል። ሁለት ዓመት የሞላው ግን ሌላ ነው። አፍንጫው ላይ አረፋ ካረፈ እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ራሱ አፍንጫ ይሄዳል።

ይህን የራሴ ግኝት አድርጌ ሳወራ፣ ስድስት ኪሎ ሳይኮሎጂ የሚያስተምር ደንበኛዬ ሳቀብኝ። ጎርደን ጋሉፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1970 እ.ኤ.አ. በቺምፓንዚዎች ሞክሮታል አለኝ። በ1972 ደግሞ ቢውላ አምስተርዳም የምትባል ተመራማሪ የሕፃናትን አፍንጫ ቀለም ቀብታ መስታወት ፊት አቆመቻቸው። አብዛኞቹ ራሳቸውን የሚለዩት ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ፣ ከ82 ልጆች ምልክቱን ከራሳቸው ላይ የነኩት 2 ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ድርቅ ብለው ቀሩ፤ ትልልቆቹም ጭምር። ራሳቸውን መለየት አቅቷቸው ሳይሆን የማያውቁት ትልቅ ሰው ፊት ጨዋ ሆነው ይሆናል ይላል ደንበኛዬ። ይህቺስ ገብታኛለች። እኔም ቤት እንግዳ ሲመጣ እንደ ሐውልት የሚቆም ልጅ አለ።

ልጅ ራሱን ካወቀ ሀፍረትም አብሮ ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ዓመት ያለፈው አንድ ልጅ ግማሽ ራሱን ከላጨሁት በኋላ ቀና ብሎ አየ። አንድ ጎን ፀጉር፣ አንድ ጎን መላጣ። አንገቱ ላይ ያሰርኩለትን ጨርቅ ስቦ ፊቱን ሸፈነ። እናቱ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። «ኧረ ተዉት» ስል «ልጅ ምን ያውቃል!» ተባልኩ። ጨርቁ በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀሪውን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

የማያውቀውን ደግሞ ያውቃል ብለን እንቀጣዋለን። አንድ አባት ስልክ ሊያወራ ወጣ እንዳለ የሦስት ዓመት ልጁ የአልኮል ጠርሙስ ጣለ። አባት ሲመለስ ልጁ ዝም። «ሊደብቀኝ!» ብሎ ቆነጠጠው። የደበቀ አይመስለኝም። እሱ ያየውን አባቱም ያየ መስሎታል።

እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። የፓውደር ቆርቆሮ ውስጥ ከረሜላ አስቀምጣለሁ። «ምን አለ እዚህ?» «ፓውደር።» እከፍትለታለሁ። «ደጅ ያለችው እህትህ ሳይከፈት ብታየው፣ ምን አለ ትላለች?» የሦስት ዓመቱ በሙሉ ልቡ «ከረሜላ!» ይላል። የአምስት ዓመቱ አፉን ይዞ ይስቃል፤ «ፓውደር» ይልና ሊሸውዳት ይጣደፋል። ይህንንም ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀድመውኝ ሞክረውታል። ነገሩ የሚዞረው አራት ዓመት ገደማ ነው።

እና ወላጆች፣ ልጅ ስታመጡ ረቡዕ ጠዋት አምጡ፤ ተራ የለም፣ የሚስቅም የለም። ስልካችሁ ኪሳችሁ ይሁን። ከረሜላውን እኔ እችላለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ
ከአራት ኪሎ