ጉዳዩ፦ የራሴን የፈተና መልስ ወረቀት እንዳላይ ስለመከልከሌ የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለኮሌጁ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

በኮስት አካውንቲንግ ኮርስ የተሰጠኝን ኤፍ በተመለከተ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በፋይሌ ውስጥ ስላሉ ታሪኩን አልደግምም። አራተኛውን እንድጽፍ ያስገደደኝ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን በመስኮት ቁጥር 2 የደረሰብኝ ነው።

ከሳምንት በፊት የዚያው መስኮት ሠራተኛ «የመልስ ወረቀትዎ ከነእርማቱ ኮፒ ተደርጎ ይቆይዎታል፤ የዛሬ ሳምንት ይምጡ» ብለው፣ ስሜንና የመታወቂያ ቁጥሬን በደብተራቸው መዝግበው ነበር የሸኙኝ። ቃላቸውን አምኜ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ ተሳፍሬ ከመስኮቱ ፊት ቆምኩ። ሠራተኛው ደብተሩን እንኳ ሳይገልጡ «አሁን የዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ የፈተና ወረቀት ለማንም አይሰጥም» አሉኝ። ወረቀቱ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴው መሆኑን ላስረዳ ስጀምር «አንተ ሰውዬ፣ ሕግ አታውቅም እንዴ?» ብለው መስኮቱን ዘጉት። ከኋላዬ ከተሰለፉት መካከል ሁለቱ እኔው ያስተማርኳቸው ልጆች ነበሩ።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ለሌላ አሳልፎ መስጠትን ይገድባል እንጂ፣ ባለቤቱ ስለ ራሱ የተያዘውን እንዳያይ አይከለክልም፤ እንዲያውም የማየትና ስሕተት ካለበት የማሳረም መብት ይሰጠዋል። የመልስ ወረቀት የግል መረጃ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ፣ እንደ እኔው የሂሳብ ሙያ ፈተና የወደቀ አንድ የአየርላንድ ተፈታኝ ባነሳው ክርክር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወስን፣ የተፈታኙ መልስም ሆነ አራሚው በላዩ የጻፈው ማስታወሻ የተፈታኙ የግል መረጃ ነው ብሏል። ያ ፍርድ እዚህ እንደማያስገድድ፣ የተሳሳተ መልስንም በማሳረም ስም ለመለወጥ እንደማያስችል አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ወረቀቴ በእርግጥ ታርሟል ወይ፣ ነጥቡስ በትክክል ተደምሯል ወይ የሚል ብቻ ነው፤ ኤንጂ (ውጤት ገና አልተሞላም) ተብሎ ወራት የቆየ ውጤት በአንድ ሌሊት ኤፍ ሲሆን ይህን መጠየቅ ድፍረት አይመስለኝም።

ደግሞስ የትኛው ጥበቃ ነው? ባለፈው ሰኔ የክፍላችን ውጤት በሙሉ ከነስማችን በቴሌግራም ተለጥፏል። በዚያው ማክሰኞ የመመለሻ ጀልባ ስጠብቅ ከሐይቁ ዳር የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለው በኮሌጁ የመልስ ወረቀት ነበር፤ የተማሪዋ ስም፣ መታወቂያ ቁጥሯና በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው 11 ከ30 ዘይት ቢነካውም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በፖስታ አሽጌ አስቀምጬዋለሁ፤ የማስረክበውም በፊርማ ብቻ ነው።

ስለሆነም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ወረቀቴን ከነእርማቱ እንዳይና ኮፒው እንዲሰጠኝ፣ ካልሆነም የሚከለክለው አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሠራተኛው ይቅርታና የሁለቱ ማክሰኞዎች የጀልባ ሂሳብም ይታሰብልኝ። ይህ ካልተፈጸመ አቤቱታዬን፣ ከነቆሎው መጠቅለያ፣ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን ለተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቀርባለሁ። መልሱ ማኅተም ያረፈበት ይሁን፤ በቃል የተነገረኝ በቅቶኛል።

ከሰላምታ ጋር
አመልካቹ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ምክትል ዲን