የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ እርሾ እንደ መበደር

ክበባችን ዘንድሮ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤው በጸሐፊው እጅ ስለሚገኝ አልዘረዝረውም። የመረጥነው ርእስ ባክቴሪያዎች ዘረመል እንዴት እንደሚለዋወጡ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይከብዳል ያሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ አልከበደም። አባሎቻችን ባክቴሪያ ዘረመሉን ለዘሩ ከማውረስ አልፎ በአጠገቡ ላለ ለሌላ ዝርያ ጭምር እንደሚያቀብል፣ ይህም ከሞተ ባክቴሪያ የተበተነ ዲኤንኤን በመውሰድ፣ በቫይረስ አማካይነት፣ ወይም ሁለት ባክቴሪያዎች በቀጥታ ተገናኝተው ፕላዝሚድ የተባለውን ክብ ዲኤንኤ በማሻገር እንደሚሆን በሚገባ ያስረዳሉ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆሹዋ ሌደርበርግ ከባልደረባው ከኤድዋርድ ታተም ጋር የባክቴሪያዎችን መገናኘት በ1946 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርግ ገና የ21 ዓመት ወጣት እንደነበር ሲሰሙ፣ የ12ኛ ክፍሎቹ ፊት በርቶ ነበር።

በመጋቢት ወር የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደሚወርደው ወደ አቃቂ ወንዝ ሄድን። ውኃውን ሳንነካ፣ በዳርቻው የለማውን የጎመንና የቆስጣ ማሳ እየተመለከትን ባክቴሪያዎች መድኃኒት ስለ መላመዳቸው፣ ማለትም መድኃኒቱ አልገድላቸው ስለ ማለቱ ስንወያይ፣ ጎመን ይቀነጥሱ የነበሩ አንዲት እናት ቀና ብለው «መድኃኒቱን የለመደው አንዱ ተህዋስ ከሆነ፣ ሌላው ከየት ተማረው?» ሲሉ ጠየቁን። የመለሰችላቸው በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተናግራ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «እትዬ፣ እርሾ እንደ መበደር ነው። ያበደረችው ጎረቤት እርሾ አያልቅባትም፤ የተበደረችውም አቡክታ በተራዋ ለሌላ ታበድራለች።» በእርግጥም ሰጪው ባክቴሪያ መድኃኒት የመላመድ ዘረመል ከያዘው ፕላዝሚድ ሁለት ክሮች አንዱን ብቻ ያሻግራል፤ ከዚያ ሰጪውም ተቀባዩም የጎደላቸውን ክር ሠርተው ያሟላሉ። እኔ ይህን በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እናትየዋ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው፣ ለልጃቸው ታዞ የተረፈ አሞክሳሲሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጡ ነገሩን፤ ተማሪዋም ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት አጥብቃ ለመነቻቸው።

ያልተሳካልንም አለ፤ መብራት ደጋግሞ በመጥፋቱ፣ ባክቴሪያ ለማሳደግ ያዘጋጀነውን ምግብ ሻጋታ በላው። ለ34 አባላት ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ ባለ 100 እጥፍ ሌንሱ በመጫሩ ባክቴሪያውን እንደ ጥላ ብቻ ያሳያል። ለእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ ሲገዛ ደስ ብሎን አጨብጭበናል፤ ቤተ ሙከራውም ያው የዚህ ትምህርት ቤት ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ አንድ ሌንስና የሌንስ ዘይት እንዲገዛልን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የዋጋ ማቅረቢያው ከርእሰ መምህሩ ዘንድ ይገኛል። ሌንሱ እንደ ተገጠመ በመጀመሪያ የምንመለከተው ተማሪዋ ከቤቷ ልታመጣ ቃል የገባችውን እርሾ ነው።