48ቱ ሰዓት ቅዳሜና እሑድን ይጨምራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ ዓርብ ማታ ተይዞ ዳኛ ፊት የቀረበው ማክሰኞ ነው። እናቱ ምሳ ይዛ ብትሄድም «ምርመራ ላይ ነው» ተብላ ሳታየው ተመለሰች።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ ቅዳሜና እሑድ አንድም ቃል የለበትም። አንቀጽ 21 ደግሞ ዘመድ፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አባትና ጠበቃ እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል።

ይህ ለምን ያንገበግበኛል? ተከሳሾች በምርመራ የሰጡትን ቃል «ተገድጄ ነው» ብለው ችሎት ላይ ሲክዱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕጉ ይናገራል፤ ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ማንም ካላየው ማን ይመስክርለት?

ልጁ ያጥፋ አያጥፋ አላውቅም፤ እሱን ዳኛው ይመርምር። የምጠይቀው በየወረዳው ተረኛ ችሎት ቅዳሜና እሑድም እንዲሰየም፣ ሰው የተያዘበት ቀንና ሰዓትም ለቤተሰቡ በጽሑፍ እንዲሰጥ ነው።

ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከሰሜን ሸዋ