ለአባቴ፤ ስለ ጠየቁኝ ዘፋኝ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው እሑድ ስንደዋወል ከበስተጀርባዬ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ መስመሩ ተቋርጦ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። የግብፁ አብደል ሃሊም ሃፌዝ ነው። እዚህ ኩዌት የምንከባከባቸው አዛውንት ከሰዓት በኋላ የእርሱን ጥቁርና ነጭ ፊልም ካልከፈትሁላቸው ሻያቸው ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠጡትም፤ እኔም አብሬ እያየሁ፣ እርሳቸውንም እየጠየቅሁ የሰውየውን ታሪክ ለቃቀምሁ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1929 በሻርቂያ አውራጃ፣ ገጠር ውስጥ ነው። እናቱ እርሱን በወለደች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞተች፤ አባቱም ሳይቆይ ተከተላትና በዘመድ እጅ አደገ። ካይሮ ሄዶ የተማረው ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ነበር፤ የሙዚቃ መምህር ሆነ፣ በሬዲዮ ኦርኬስትራም ተጫወተ። ሃፌዝ የሚለውን ስም እንኳ ያገኘው በሬዲዮ ዕድል ከሰጠው ኃላፊ ከሃፌዝ አብደል ዋሃብ ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ለዝና ያበቃው የድምፁ ጉልበት አይደለም። አዳራሽ የሚያናውጡ ዘፋኞች በነገሡበት አገር፣ እርሱ ማይክሮፎኑን ተጠግቶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ምስጢር እንደሚያወራ ሆኖ ዘፈነ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ፊልም ሲጀምር ደግሞ ካሜራው ያንን ከሲታ ፊት አቀረበው። በዚያው ዓመት ከተዋንያኑ ከፋተን ሃማማና ከዖማር ሻሪፍ ጋር ድሃ ተማሪ ሆኖ ሲተውን፣ የሚያስመስል ሳይሆን የራሱን ኑሮ የሚናገር ይመስላል። ዘመኑም አገዘው፤ የፕሬዚዳንት ናስር መንግሥት አዲስ ድምፅ ይፈልግ ስለነበር ለአብዮቱ ዘፈነ፣ ለአስዋን ግድብም ዘፈነ። (ግድብ ስል እንደሚስቁ ዐውቃለሁ።)

ከሁሉ ይልቅ እርስዎን ያስታወሰኝ በሽታው ነው። በልጅነቱ በመስኖ ቦይ ሲዋኝ ከውኃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያ ያዘው፤ ጉበቱን እየበላው፣ ደም እያስታወከው፣ በዝና ላይ እያለ እንኳ ከሆስፒታል ወደ መድረክ ሲመላለስ ኖሮ መጋቢት 30 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በ47 ዓመቱ ዐረፈ። ይህን ስሰማ የታየኝ እርስዎ ነጭ ጋዎንዎን እንደለበሱ ከጤና ጣቢያው ወጥተው፣ ጣና ውስጥ የምንንቦጫረቀውን ልጆች በአርጩሜ ሲያባርሩን ነው። ያኔ እንደ ክፋት ቆጥሬው ነበር።

ለአዛውንቷም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸውን፣ እርስዎ እንደነገሩኝ ነገርኋቸው። ለእንዶድ የዐረብኛ ስም ስላጣሁለት ነጠላ እንደማሽ ሆኜ በእጄ አሳየኋቸው፤ እርሳቸው ግን የዳቦ ሊጥ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ጥቂት ደረቅ እንዶድ በወረቀት ጠቅልለው ይላኩልኝ።

ልጅዎ