በወይብ ወንዝ ለሚያጠምደው ወዳጄ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እናቴ ካረፈች ወዲህ ብዕር ማንሳት ከብዶኝ ቆየ፤ አንተም ሳትቀየም ስለታገሥከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ድሬዳዋ እንደምታውቃት ናት። ቀትር ላይ ከከዚራ ዛፎች ጥላ በቀር መቀመጫ የለም፤ የደቻቱ ወንዝም አሸዋ ብቻ ነው። በዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኜ ስለ ወይብና ትራውት ስለሚባለው ዓሣው የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩ። «ትራውቱ እፊቴ ክብ እየሠራ ይበላል፣ የምጥልለትን ግን አይነካም» ያልከው እንቅልፍ ነሣኝ።

ከመጣልህ በፊት ቆመህ እይ። ረጋ ባለው ውኃ፣ አረፋ በሚሰበሰብበት መሥመር ላይ፣ የካፊያ ጠብታ የሚያህል ክብ ካየህ አትናቀው፤ ትልቁ ዓሣ እሱ ሊሆን ይችላል። እንቁላላቸውን ጥለው የደከሙ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉ ነፍሳት አያመልጡትምና ለእነሱ ብሎ አይዘልም፤ አፉን ብቻ ብቅ አድርጎ መጥጦ ይወስዳቸዋል። በክቡ መሐል የአየር አረፋ ከቀረ ከውኃው ገጽ ላይ እንደበላ እወቅ፤ አብሮ የገባው አየር በስንጥቡ በኩል ይወጣልና። አረፋ ሳይታይ ጀርባው ብቻ ብቅ ካለ ግን የሚለቅመው ገና ከውኃው ውስጥ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያሉትን ነፍሳት ነው። ያን ጊዜ መንጠቆ ላይ በላባ የታሰረች፣ ከፍ ብላ የምትንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ዝንብ ብዙም አትስበውም።

ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ ስለሚያዞር ከኋላው ቅረብ። ከሁሉ በላይ ክርህን ተጠንቀቅ! ወራጁ ክሩን ከጎተተው ዝንቧ ከውኃው እኩል መሄዷን ትተዋለች፤ ትራውትም ይህን ወዲያው ያውቃል። ጫፉ ላይ የምታስረውን ክር አቅጥነው፤ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ከቀፊራ ገበያ በገዛሁት ቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጥቃቅን ዝንቦች አስሬልሃለሁ፤ በክብሪት ቤት አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬአቸዋለሁ። ውኃው ላይ ተለጥፈው እንዲቀመጡ ከሥራቸው ያለውን ላባ በመቀስ ከርክሜዋለሁ።

ይህ ዓሣ በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ለእኔ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በዲንሾ ብርድ ሲዋኝ ካየሁት ወዲህ የባሌ ልጅ ነው።

ፈቃድ ካገኘሁ ጥር ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ውኃው መጥራቱንና ዓሣው በየትኛው ሰዓት እንደሚበላ ጻፍልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወዳጅህ፣ ከድሬዳዋ