የጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስለ ዘር ፍሬ ካንሰር ሳይሸማቀቁ መነጋገር

ክበባችን ዘንድሮ ዋና ርዕሱ አድርጎ የያዘው የዘር ፍሬ ካንሰርን፣ በተለምዶ የቆለጥ ካንሰር የሚባለውን ነው። ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በዕድሜ የገፋ ሰው ስለሆነ ምርጫው ለአንዳንዶች እንግዳ ሆኖባቸው ነበር። ይህኛው ግን በብዛት የሚይዘው ወጣቶችን ነው። በጠቅላላው ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ ቢሆንም፣ በብዙ አገሮች ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ከሚገኙ፣ ጠጣር ዕጢ ከሚፈጥሩ ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ ነው። በሕክምና በደንብ ከሚድኑትም አንዱ ነው። የአሜሪካ መረጃ እንደሚያሳየው ከፍሬው ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ ከ100 ታማሚዎች 99 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ፤ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 73 ገደማ ዝቅ ይላል። በፍሬያቸው ላይ እብጠት አግኝተው በሀፍረት ሳምንታትን፣ አልፎም ወራትን የሚያሳልፉ ወጣቶች አሉ። የክበቡ ሥራ ሁሉ ያነጣጠረው ይህን የሚባክን ጊዜ ማሳጠር ላይ ነው።

ከሠራናቸው ሁሉ በይበልጥ የጠቀመው የመዳሰሻ ሞዴሉ ነው፤ ጣት የሚማረው በመዳሰስ እንጂ በገለጻ አይደለምና። አባላቱ ሁለት እጅ ዱቄትና አንድ እጅ ጨው ቀላቅለው፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ብቻ ውሃ እየጨመሩ ለስላሳ ሊጥ አቦኩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆርጠው የመጫወቻ ፊኛ አፍ በላዩ ከዘረጉ በኋላ ሊጡን በእርሳስ ጀርባ እየገፉ አስገቡ። ፊኛው ሞላላ ሆኖ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲረዝም አቆሙ፤ የአዋቂ ወንድ ፍሬ ርዝመቱ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ከተሞሉት ሁለት ፊኛዎች በአንደኛው ውስጥ አተር የምታህል የመስታወት ዶቃ ቀበሩ። ከፊኛው ጀርባ ቀጭን ገመድ ጠምዝዘው በማጣበቅም ኤፒዲዲሚስን፣ ማለትም የዘር ህዋሳት የሚበስሉበትንና የሚቆዩበትን ቱቦ ሠሩ። በመጨረሻ ሁለቱን በስስ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከተቱ።

ሞዴሉ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ከመጠን በላይ የሞላ ፊኛ ስለሚወጠር ዶቃው አይለይም። መሃል ላይ የተቀበረ ዶቃ ጣት አይደርስበትም፤ ከገጹ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ማለት አለበት። የፊኛው አፍ በጥብቅ ካልታሰረ፣ ሞዴሉም አየር በማያስገባ ዕቃ ካልተቀመጠ ሊጡ ይደርቅና ሁሉም ነገር ጠጣር ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ገመዱን መተው ነው። ገመድ በሌለው ሞዴል የተለማመደ ተማሪ በኋላ ራሱን ሲፈትሽ፣ ከጀርባ ያለውን ጤናማ ቱቦ ዕጢ መስሎት ይደነግጣል።

ፍተሻው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ፍሬዎቹን የያዘው የቆዳ ከረጢት በሙቀት ስለሚላላ ለብ ባለ ውሃ ከታጠቡ በኋላ ማድረጉ ይመረጣል። አመልካችና መሃል ጣትን ከሥር፣ አውራ ጣትን ከላይ አድርጎ አንዱን ፍሬ በሁለት እጅ መያዝ፣ ከዚያም ሳይጨምቁ ገጹ ሙሉ በሙሉ እስኪዳሰስ ድረስ በቀስታ ማንከባለል ነው። ከላይና ከጀርባ ያለውን ለስላሳ ቱቦ፣ ከዚያም ወደ ላይ የሚወጣውን ገመድ መሰል ክፍል በጣት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላኛውም እንዲሁ። አንዱ ፍሬ፣ ብዙ ጊዜ ግራው፣ ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉ ወይም በመጠን ትንሽ መበላለጣቸው ጤናማ ነው። ለሐኪም መታየት ያለበት ጠጣር እብጠት፣ የአንዱ ፍሬ ማደግ ወይም መጠንከር፣ በከረጢቱ ውስጥ የሚሰማ ክብደት፣ በድንገት የተቋጠረ ፈሳሽ፣ በብሽሽት ወይም በታችኛው ሆድ የማይለቅ ህመም ነው። አንዳንዱ ዕጢ ሆርሞን ስለሚያመነጭ የጡት ማበጥም ሊታይ ይችላል። ተማሪዎቻችን ደጋግመው የጠየቁት «ካላመመኝ ምን ያስቸኩለኛል?» ብለው ነው። የዚህ ካንሰር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋቸውም ይኸው ነው።

በቀይ ካርድ ለብቻው ያተምነው ማስጠንቀቂያ ካንሰርን አይመለከትም። በድንገት የሚጀምር ብርቱ ህመም፣ በተለይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ ከታከለበት፣ የፍሬው ገመድ ተጠምዝዞ የደም ዝውውር መቋረጡን ሊያመለክት ይችላል። በጉርምስና ዕድሜ በብዛት ያጋጥማል። በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው ሊሞት ስለሚችል እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

በየወሩ መፈተሽ ግዴታ ነው ብለን አላስተማርንም። ጉዳዩን የ12ኛ ክፍል አባላት በክርክር መልክ አቅርበውታል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ምልክት የሌላቸውን ወጣቶች በመደበኛነት መመርመርን አልደገፈም። በሽታው ጥቂቶችን ብቻ ስለሚይዝና ዘግይቶ ሲገኝም ሕክምናው ስለሚሠራ፣ መደበኛ ፍተሻ ሞትን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም፤ ጭንቀትና አላስፈላጊ ምርመራ ማስከተሉንም ከግምት አስገብቷል። ወርኃዊ ፍተሻን የሚመክሩ ሐኪሞችም አሉ። ክበቡ ተወያይቶ በግድግዳ ላይ የለጠፈው «ጤናማ ሁኔታህን እወቅ፤ ለውጥ ካየህ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ» የሚል ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ዕድሜ የሚስማማው ይህ ነው። በሕፃንነቱ ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቀረ፣ ወይም አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመ ተማሪ ግን ከሌላው ይበልጥ ቢከታተል ይበጀዋል።

ሐኪም ፊት ቃል እንዳይጠፋቸው ተማሪዎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ተለማምደዋል፦ «በቀኝ ፍሬዬ ላይ የማያም ጠጣር እብጠት አለ፤ ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆኖታል።» የትኛው ወገን፣ ምን ዓይነት፣ ከመቼ ጀምሮ፤ ሦስቱ ከተነገሩ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ያውቃል። እብጠቱ እንደ ኢንፌክሽን ተቆጥሮ አንቲባዮቲክ ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፣ መድኃኒቱ አልቆ እብጠቱ ካልጠፋ ተመልሶ አልትራሳውንድ መጠየቅ እንደሚገባም አስተምረናል። አልትራሳውንድ አያምም። ከደም ደግሞ በዚህ ካንሰር ሊጨምሩ የሚችሉ ሦስት ንጥረ ነገሮች፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን፣ ቤታ ኤችሲጂና ኤልዲኤች ይለካሉ። ውጤታቸው ጤናማ ቢሆንም ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ሴሚኖማ የሚባለው ዓይነት አልፋ ፌቶፕሮቲንን ጨርሶ አይጨምርም። ልኬቱ ከቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም ይወሰዳል፤ ቁጥሩ እንደሚጠበቀው ካልወረደ የቀረ ካንሰር ሊኖር ይችላል። ዕጢው አጠራጣሪ ከሆነ ፍሬው የሚወጣው በብሽሽት በኩል ነው። በከረጢቱ በኩል መቅደድ ወይም መርፌ መውጋት የካንሰር ሴሎች በሌላ የሊምፍ (ከደም ውጭ በሰውነት የሚዘዋወር ፈሳሽ) መንገድ እንዲሰራጩ በር ሊከፍት ይችላል።

ስም በማይጻፍበት የጥያቄ ሳጥን ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የመውለድ ጉዳይ ናቸው። አንድ ጤናማ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ለሆርሞንም ለመውለድም ይበቃል፤ ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴሎችን በመድኃኒት ማጥፋት) ግን የዘር ህዋስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚቻል ከሆነ ሕክምናው ሳይጀመር የዘር ፈሳሽ ማስቀመጥ ይመከራል። በኳስ መመታት ካንሰር አያመጣም፤ የተመታ ሰው ራሱን ስለሚዳስስ ቀድሞ የነበረውን እብጠት ያን ጊዜ ያገኘዋል እንጂ።

በሚኒ ሚዲያ ፕሮግራማችን ይበልጥ የተደመጠው የሴባስቲያን አሌ ጉዳይ ነበር። የኮትዲቯሩ አጥቂ በሽታው የተገኘበት በሐምሌ ወር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022፣ ወደ ዶርትሙንድ በተዛወረ ሰሞን ነው። በኬሞቴራፒና በቀዶ ሕክምና ታክሞ በ2023 መጀመሪያ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በየካቲት 2024 በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ናይጄሪያን 2 ለ 1 ያሸነፉበትን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። አባላቱ ከዚሁ ጋር የካንሰር ሐኪሙን የሎረንስ አይንሆርንን ሥራ አያይዘው አቅርበዋል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በ1974 ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አቀናጅተው መስጠት የጀመሩት እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተዛመተ የዘር ፍሬ ካንሰር የያዛቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር።

ሴት ተማሪዎች በክርክሩም በሞዴል ሥራውም እኩል ተሳትፈዋል፤ ወንድሞቻቸውን የሚያናግሩት እነርሱ ስለሆኑ ወደፊትም መቀጠል አለበት። ለወላጆች ያዘጋጀነው ክፍል ግን ጊዜ አጥሮት ሳይቀርብ ቀርቷል። ርዕሱ ያልወረደ የዘር ፍሬ ነው፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ፍሬው ካልወረደ ሐኪም እንዲያየው፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢደረግ እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይቀርባል። ካርዶቹና የጨርቅ ከረጢቶቹ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሊጡ ግን እንደ አዲስ መቦካት አለበት።